የባሕር ውኃ በአዘዞ

ሶሊያና በላቸው ከምህንድስና ትምህርት ክፍል በአንደኝነት ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሳይሞላት የመጀመሪያው ከባድ ኃላፊነት ተጣለባት። መሥሪያ ቤቷ ለጣና ሐይቅ የነፍስ አድን ሥራ አንድ የውኃ ውስጥ ስኩተር ሊገዛ ነበር፤ ጠላቂው እጀታውን ጨብጦ፣ በባትሪ በሚዞር ፕሮፔለር እየተጎተተ ውኃ ለውኃ የሚሄድበት ማሽን። ለናሙና ሁለት ቀርበዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። የትኛው ለጣና እንደሚበጅ አወዳድራ በፊርማዋ የምታረጋግጠው እሷ ነበረች።

ለማን እንደምታወዳድርም ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ጠላቂ ኡዘይር ይባላል፤ አርባን የተሻገረ፣ ቃሉ የተቆጠረ የጎንደር ሰው። ባለፈው ክረምት ከጎርጎራ ማዶ ታንኳ ተገልብጣ አንድ ገበሬ ሰጠመ። ሚስቱ የትነበርሽ ዐሥራ ሰባት ቀን የሐይቁ ዳር ላይ ተቀመጠች። አስከሬኑ ካልወጣ ፍትሐት የለም፣ ለቅሶም አይቀመጡም፤ ሞቷል ብሎ አፉን የሚከፍት ዘመድ አልነበረም። ኡዘይር በእግሩ እየቀዘፈ፣ ጭቃውን በመዳፉ እየዳበሰ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን አገኘው።

«ሬሳ በአንድ እጅ አይያዝም፣ ኢንጅነር» ብሏት ነበር። «ማሽኑን ስለቀው ባለበት ቆሞ ይጠብቀኝ። ጭቃ ውስጥ ከሰጠመብኝ፣ ሁለት ሬሳ ልፈልግ ነው ማለት ነው።»

ይህን ቃል ከፍጥነትም ከባትሪም በላይ፣ በማስታወሻዋ መጀመሪያ ላይ አሰፈረችው።

ጎርጎራ ድረስ መሄድ አድካሚ ነው ተብሎ ፈተናው አዘዞ በሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ርዝመቱ ዐሥራ አምስት ሜትር በሆነ አሮጌ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ እንዲሆን የግዢ ኮሚቴው ወሰነ። ሶሊያና ተቃወመች፤ ሰሚ አላገኘችም። ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ ጽፋ ለሰብሳቢው ለአቶ እንዳልካቸው ሰጠች፦ ጥቁሩ ማሽን ለባሕር ውኃ ተመጣጥኖ የተሠራ ነው፤ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ሲለቀቅ ሊሰጥም ስለሚችል ይህ በጥብቅ ይታይ።

በፈተናው ጠዋት መጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ የገቡት ላሞች ነበሩ። ሦስት የጎረቤት ላሞች የገንዳውን እርጥብ ግድግዳ ይልሳሉ፤ ዘበኛው በዱላ ቢያባርራቸውም ዞረው ይመለሳሉ። ነገሩ ግር ቢላትም ሰዓቷን ይዛ ወደ ሥራዋ ገባች።

ጥቁሩ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐሥር ሰከንድ አቋረጠው። ቢጫው ዐሥራ ሦስት ፈጀበት፤ ነገር ግን እንደ ሰለጠነ በቅሎ ባለበት ይዞራል፣ ጥቁሩ ግን ለመዞር ግድግዳውን እየታከከ ነው። በመጨረሻም ኡዘይር መሐል ላይ ሁለቱን በየተራ ለቀቃቸው። ጥቁሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢጫው እንደ ቡሽ ወደ ላይ ተንሳፈፈ።

ሶሊያና የምታየውን ማመን አቃታት። የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨው በሌለው ውኃ መስጠም የነበረበት ጥቁሩ፣ ባለበት መቆም የነበረበት ቢጫው ነበር። ስሌቷን በልቧ ደገመችው፤ ስህተት የለበትም።

ኡዘይር ከአፉ የአየር ቱቦውን አውጥቶ ተፋ።

«ምነው ይኼ ውኃ? ጨው ነው እንዴ?»

ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ምላሷ ተኮማተረ። ከገንዳው ጀርባ ዞር ስትል ባዶ ጆንያዎች ተቆልለው አየች፤ ከላያቸው የዝንብ መንጋ ተነሣ።

«ሃያ ኩንታል ነው» አሉ አቶ እንዳልካቸው ከኋላዋ፣ ሠርግ እንደ ደገሰ ሰው ደረታቸውን ነፍተው። «ሠራተኛ ቀጥረን ሁለት ቀን አስማሰልን። የጻፍሽውን እኮ አንብቤዋለሁ፣ ልጄ! ማሽኑ ባሕር የለመደ ነው አላልሽም? ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በለመደው ውኃ ይፈተን እንጂ። ፍትሕ ማለት ይኼ አይደል?»

«ጣና ጨው የለውም፣ አቶ እንዳልካቸው።»

«ጣናን ማን አነሣው? ስለ ማሽኑ ነው የምናወራው።»

የኮሚቴው አባል ወይዘሮ ሸዋረጋ ሳቁ። «ሶሊዬ፣ ለበላይ አካል ጥቁሩ ነው ብለን አስቀድመን አሳውቀናል፤ ፎቶውም ተነሥቷል። አሁን ፈርሚና ምሳችንን እንብላ፤ ጥብሱ ይቀዘቅዛል።»

አቶ እንዳልካቸውም ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው ላሱና «ቅመም ብቻ ነው የቀረው» አሉ። ሁሉም ተንከተከቱ።

ሶሊያና አባቷን አስታወሰች። በተወለደችበት መካነ ብርሃን ጨው ለበሬው የሚያቀምሰው ቀኑን ሙሉ አርሶ ሲመለስ ብቻ ነበር፤ ያቺኑ ቁንጥር በመዳፉ ይዞ፣ እንዳትፈስ በሌላው እጁ ከሥር እየደገፈ። እዚህ ሃያ ኩንታል ሐሰትን ለማንሳፈፍ ሟምቷል። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው እንዳይሞት ብላ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር፣ በእነዚህ ሰዎች እጅ የማጭበርበሪያ መመሪያ ሆኗል።

«በርሜል አለ?» አለች።

ዘበኛው የቧንቧ ውኃ የሞላ በርሜል አሳያት። ኡዘይር ጥቁሩን ማሽን አቅፎ አመጣና የማሽኑን አፍንጫ ወደ ታች አድርጎ ለቀቀው። ቁልቁል ወረደ፤ የበርሜሉን ወለል ሲመታ ድምፁ ተሰማ።

አቶ እንዳልካቸው ጎንበስ ብለው በርሜሉን አዩ።

«በርሜል ሐይቅ አይደለም» አሉ አቶ እንዳልካቸው።

«የእርስዎስ ገንዳ?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ማኅተም የተመታበትን የውጤት ቅጽ ፊቷ ዘረጉት። «ፈርሚ። ካልፈረምሽ በጀቱ ይመለሳል፤ ክረምቱ ደርሷል። ሰው ሲሰጥም የማን ስም እንደሚጠራ አስቢበት።»

ይህ ዛቻ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ማሽን ሳይገዛ ክረምቱ ሊገባ ይችላል። ወደ ኡዘይር ዞረች። እርጥብ ልብሱን እንደ ለበሰ ገንዳው አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ኡዘይር፣ አንተ ነህ የምትገባበት።»

«ሁለት ክረምት በእግሬ ቀዝፌያለሁ» አለ። «ሦስተኛው አይገድለኝም። ይኼ ጥቁሩ ግን ይገድለኝ ይሆናል።» ከዚያም ወደ ሰብሳቢው ቀና ብሎ በትሕትና ጨመረ፤ «ሰው የሰጠመ ዕለት እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ፣ አቶ እንዳልካቸው። መጥተው ከቤተሰቡ ጋር ዳሩ ላይ ይቀመጣሉ።»

አቶ እንዳልካቸው ቅጹን ወደ ሶሊያና ገፋ አደረጉት።

ሶሊያና ብዕሯን አነሣች። ከፊርማው መሥመር በላይ በጉልህ ጻፈች፦ «ይህ ፈተና የተካሄደው ሃያ ኩንታል ጨው በተጨመረበት ውኃ ነው። ጥቁሩ ማሽን በቧንቧ ውኃ ውስጥ ሲለቀቅ ሰጥሟል።» ከሥሩ ፈረመች።

«አበላሸሽው!» ጮኹ ወይዘሮ ሸዋረጋ። «አንድ ቅጂ ብቻ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወደ ምሳቸው ሄዱ። ቢጫው ማሽን እስከ ሰኞ በናሙናነት እንደሚቆይ ውሉ ይፈቅዳል፤ ሶሊያናና ኡዘይር በሁለት ጫፍ አንሥተው መኪና ላይ ጫኑትና ወደ ጎርጎራ ወረዱ።

ሐይቁ ደፍርሶ ነበር። ኡዘይር ከዳር ራቅ ብሎ ጠለቀ፤ ቢጫውን ለቀቀና ሁለት እጁን ጭቃው ውስጥ ሰደደ። ሶሊያና ታንኳው ላይ ሆና ወደ ማሽኑ የወረደውን ምልክት ያለበት ገመድ ትመለከታለች። አንድ ደቂቃ፤ ሁለት ደቂቃ። ገመዱ ወደ ታች አልተሳበም፣ አልላላምም፤ ማሽኑ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል።

በአዲስ ገጽ ላይ ውጤቱን መዘገበች። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ደስታ ግን አልሰጣትም። ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት የሚቀበሉትን የእነ አቶ እንዳልካቸውን ለስላሳ እጆች አሰበችና ማስታወሻዋን በደረቷ አጥብቃ ያዘችው።