አንድ ሃይላንድ

የትነበርሽ ልብስ ከምታጥብበት ቤት ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ትንሹን ልጇን አስማረን በእህቱ በሰብለ ወንጌል ትከሻ ላይ ተዝለፍልፎ አገኘችው። ተቀብላ ጡቷን ሰጠችው፤ ጎርሶ ተወው። ገና ዓመት አልሞላውም። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ይዞታል። አሁን ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ለምለሙን አልሰጠሽውም?»

ለምለም ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት ነው፤ ጠዋት ሰብለ ወንጌል ከመድኃኒት ቤት አምጥታዋለች። ሰጥቼዋለሁ አለች ልጅቱ። መጀመሪያ ጠጥቶ ጠጥቶ አልረካ አለ፣ ከዚያ ማስመለስ ጀመረ፣ አሁን ማንኪያው ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል። ይህን የተናገረችው መሬት መሬት እያየች ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጎበዝ ተማሪ። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሲወርድ ቤቱን ለተማረ ሰው ትቻለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ጎረቤታቸው እትዬ አየለች ልቅሶውን ሰምታ ገባችና የልጁን ድድ በጣቷ ዳሰሰች።

«ግግ ነው። ድዱ አብጧል። ምነው ዝም ትይዋለሽ? ዛሬውኑ ይውጣለት። አውጪዋ እዚችው ጓሮ ናት።»

ግግ ማውጣት ያልበቀለውን ጥርስ ድዱን ሰንጥቆ መንቀል ነው። የትነበርሽ ቀድሞ ድብ ባሕር ስትኖር ለመጀመሪያ ልጇ አስወጥታለት ነበር፤ ብዙም አልቆየላት። ለሰብለ ወንጌልም አስወጥታላታለች፤ ይቺው ቆማለች። የትኛውን እንደምታምን አታውቅም። ልጁን እንደታቀፈች ተቀመጠች።

ባዶው የለምለም ከረጢት እግሯ ሥር ወድቋል። እሑድ እሑድ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ እጇ የገባውን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። አንስታ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራች፤ ልጁን ብታየው ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ነው።

«በ… አንድ… ሊ… ትር። ሊትር ምንድን ነው?»

«የውሃ መለኪያ።»

«አንቺ በምን ለካሽ?»

«በአንድ ሃይላንድ። መድኃኒት ቤት እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

በከተማው የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሃይላንድ ነው። ሰብለ ወንጌል ያነሳችው ትምህርት ቤት ይዛው የምትሄደውን ነበር። የትነበርሽ አገላብጣ ቁጥሩን ፈለገች። ዜሮ። አምስት። መካከላቸው ያልተማረችው ምልክት አለ።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

ልጅቱ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ግማሽ ሊትር ናት። እማ፣ እጥፍ አድርጌ አወፈርሁበት። ጨው ሲበዛ ከገላው ውሃ ይስባል። ተምሬዋለሁኮ። በእንግሊዝኛ ነው የተማርሁት፣ ሥዕሉንም ስዬ ፈተናውን ደፍኜበታለሁ።»

«ታዲያ ለምለም መበጥበጥ ምነው አላስተማሯችሁም?»

«ፈተና ላይ አይመጣማ።»

እትዬ አየለች ከንፈሯን መጠጠች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ተሸክመሽ!»

የትነበርሽ ልጅቱን በጥፊ ልትላት እጇ ተነሥቶ ነበር። ያው እጇ መንገድ ላይ ነጠላዋን አገኘና ልጁን ጠቀለለበት። እትዬ አየለች በሩ ላይ ቆማ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ሳትደርሺ ይሞትብሻል ብትላት በጎኗ አልፋ ወጣች። ባጃጅ እስኪቆምላቸው ከመንገዱ ዳር እየሮጡ ነው የጠበቁት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ምን ሲጠጣ እንደዋለ ጠየቀች። ሰብለ ወንጌል ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ተናገረች፤ ሙሉውን ዱቄት በግማሽ ሊትር እንዳደረጉት፣ የሳቱትም ሃይላንዱ ላይ እንደሆነ። ነርሷ ፊቷ ጠቆረ፤ ግን አልተቆጣችም። ይህን ማወቄ ጠቅሞኛል፣ የሚገባለትን ፈሳሽ ቀስ አድርጌ ነው የምሰጠው አለች። ደም ሥሩን ከእጁ አጣችው፣ ከእግሩ አጣችው። በመጨረሻ ግንባሩ ላይ አገኘችው። አስማረ መርፌው ሲገባ እንኳ አላለቀሰም።

«ሽንቱ ከመጣ ገላው ውሃ ያዘ ማለት ነው፤ ጥሩኝ» አለች ነርሷ። ካልመጣስ ብላ የትነበርሽ ጠየቀቻት። ነርሷ የሚንጠባጠበውን አስተካክላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

እናትና ልጅ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ።

«እይው» አለች የትነበርሽ።

ሰብለ ወንጌል እጇን በጨርቁ ሥር አስገባች።

«ደረቅ ነው።»

ውጭ የባጃጆች ድምፅ ይሰማል። የትነበርሽ የልጇን ትንሽ እግር በመዳፏ ይዛ ታሻለች፤ አልሞቅ አላት።

«እይው።»

«አሁን አየሁትኮ እማ።»

«ደግመሽ እይው።»