በቴት ጀልባ ላይ የታየው ትል

ዓሣው ከውኃው ዘልሎ ሲወጣ የቨርና ኪልጎር ዓይን ያረፈው በዓሣው ላይ ሳይሆን ከከንፈሩ በተንጠለጠለው የላስቲክ ማማለያ ትል ላይ ነበር። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ወጣቱ ቴት ስታሊንግስ ከጀልባው ጠርዝ ተንበርክኮ ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ በታችኛው መንጋጋው ይዞ አነሳው። ትሉ በጠዋት ፀሐይ አንዴ ብልጭ አለ። ጀርባው እንደበሰለ ፕሪም የጠቆረ ሐምራዊ፣ ሆዱ አረንጓዴ ነው።

ያ ቀለም ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ቨርና ጋራዧ ውስጥ ላስቲኩን በአሮጌ ድስት አቅልጣ፣ ቀለሙን በጠብታ ለክታ፣ በራሷ ቅርጽ ማውጫ የምታፈሰው ነው። ለማንም ሸጣ አታውቅም። የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን እሷ ባለችበት ጀልባ ላይ ከኋላዋ ተቀምጧል።

"አየኸው?" አለች ሳትዞር።

"ምኑን?" አለ ኦዴል ፕሬዊት።

"ቴት የያዘውን።"

"ደህና ዓሣ ነው። አራት ፓውንድ ይሞላል።"

"ስለ ዓሣው አልጠየቅኩህም።"

ኦዴል ክሩን መጠቅለል ቀጠለ።

ሁለቱ በዚህ የሰሜን አላባማ ሐይቅ ላይ አብረው ሲያጠምዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እሷ ደግሞ አሁንም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ባሏ ሬይ የሞተ ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በሳህን ምግብ እየያዘ ሲመጣ፣ ኦዴል ባዶ እጁን መጥቶ፣ "ቅዳሜ ውድድር አለ፤ ጀልባዋን እኔ አወጣታለሁ" ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረም።

የቴት ነገር ግን በዚህ በጋ ሦስተኛው ነው። በግንቦት የእሷን ቀለም የመሰለ ነገር ከማጥመጃ ዘንጉ ጫፍ ላይ አየች፤ ፀሐዩ ይሆናል ብላ ተወችው። በሰኔ እንደገና አየች። የዛሬው ጥርጥር የለውም።

ሌላ ሌላውም ነገር ትዝ ይላት ጀመር። ኦዴል ከገና ወዲህ የማጥመጃ ሳጥኑን ይቆልፋል። ማማለያ ሲቀይር ጀርባውን ይሰጣታል። ባለፈው ወር እጇ እርጥብ ስለነበር፣ "እስቲ ይቺን መንጠቆ እሰርልኝ" ስትለው፣ "መነጽሬን ረስቻለሁ" አላት፤ መነጽሩ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ።

ከሁሉ በላይ አወራወሩ ተለውጧል። ባስ በቀትር ጀልባ ከሚታሰርባቸው የእንጨት መድረኮች ሥር ጥላውን ተጠግቶ ይቆማል፤ ማማለያውን በግራ እጅ ይዞ፣ እንደ ዥዋዥዌ ለቅቆ፣ ውኃው ሳይንቦጫረቅ ከሳንቃው ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። በዚህ ኦዴልን የሚያክል ሰው በሐይቁ ላይ አልነበረም። ከቡና ስኒ የማይሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ያሳርፈው ነበር። አሁን ከባድ ማማለያ ወደ መሐል ሐይቁ አርቆ ይወረውርና ዝም ብሎ ይጠቀልላል፤ ምንም ነገር ላለመያዝ የሚጥር ይመስል።

'ለሌላ እየሠራ ነው' አለች በልቧ። 'እኔን እያዘገየ ለቴት እየሠራ ነው።'

"መድረኩ ሥር ለምን አትሞክርም?" አለችው።

"ደክሞኛል።"

"ገና በጠዋቱ?"

"ቨርና፣ አጥምጂ።"

እኩለ ቀን ሲቃረብ አራት ዓሣ ይዘው ነበር፤ ሦስቱ የእሷ ናቸው። ነዳጅ መቅጃው ጋ ጀልባዋን አስጠጉና ኦዴል ወደ መጸዳጃ ቤት ወጣ። ሳጥኑን ከመቀመጫው ሥር ገፋ አድርጎታል። ቁልፉ ተንጠልጥሏል እንጂ አልተጫነም።

ቨርና ደረጃውን ቀና ብላ አየች። የሰው ሳጥን ከፍታ አታውቅም። አባቷ የሰው ሳጥን የሚከፍት ሰው የሰው ደብዳቤም ይከፍታል ይል ነበር። ከፈተችው።

በውስጡ ማማለያዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ በክንድ ርዝመት ክር ላይ አስቀድሞ ታስሯል፤ በክሩ ሌላ ጫፍ ላይ ትንሽ ማያያዣ ብረት አለ፤ ዘንጉ ላይ ካለው ክር ጋር ቀጭ አድርጎ ከመሰካት በቀር ሥራ የለውም። ቋጠሮዎቹን ወደ ብርሃን አዙራ አየቻቸው። ኦዴል ክር የሚቆርጠው በጥርሱ ነው፤ ጫፉ ሁልጊዜ እንደ ድመት ጢም ይቀራል። እነዚህ ግን በመቀስ ተስተካክለው ተቆርጠዋል፤ በየቋጠሮው ላይ ደግሞ አንዳንድ የሙጫ ጠብታ አርፎበታል። በአጥማጆች ክለባቸው ቋጠሮው ላይ ሙጫ የሚያደርግ ቴት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀለም ትቀባለህ እያሉ ይቀልዱበታል።

ሳጥኑን ዘግታ ቦታው መለሰችው። ሊሸጣት ይችላል ብላ ስታስብ ቆይታ ነበር፤ ሲሸጣት ማየት ግን ሌላ ነው።

ኦዴል ሁለት የሞርታዴላ ሳንድዊች ይዞ ተመለሰ። አንዱን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ጀልባዋን እስከ ሸንበቆው ጥግ ነድታ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ከራሷ ሳጥን አንድ መንጠቆና አንድ ትል አውጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠች።

"እሰር" አለችው።

"ምን ሆነሻል?"

"የታሰረ አለኝ እንዳትለኝ። ይቺን፣ አሁን፣ እዚሁ ፊቴ እሰር።"

"ሳጥኔን ከፈትሽ።"

"ከፈትኩ። እሰር ኦዴል።"

ኦዴል ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ መንጠቆውን አነሳ። የክሩን ጫፍ ወደ ቀዳዳው አስጠጋ፤ ሳተው። ደግሞ አስጠጋ። ቀኝ እጁ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጁን ለማረጋጋት ክርኑን ከጎኑ ጋር ሲያጣብቀው ትከሻው አብሮ ተንቀጠቀጠ። በአራተኛው ሙከራ መንጠቆው አውራ ጣቱ ላይ ተሰካ። ነቀለውና ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አምስተኛውን ሊሞክር ክሩን እንደገና አነሳ።

"ተወው" አለች ቨርና።

"እሰር አልሽኝ።"

"ተወው አልኩህ።"

ትሉ ከጉልበቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለቱም አላነሱትም።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አለች።

"ፓርኪንሰን። በየካቲት ነው የነገረኝ።"

"አሁን ነሐሴ ነው።"

"ወሩን አውቀዋለሁ።"

"ለቴት ነገርከው፤ ለእኔ አልነገርከኝም።"

"ለቴት ምን ገደደኝ? ቢንቀኝም ቅዳሜ ከእሱ ጋር አልወጣም። አንቺ ብታውቂ ግን ሌላ ሰው ትፈልጊ ነበር። ብትፈልጊም አልፈርድብሽም።"

"እና ትሎቼን ከፈልከው።"

"በነፃ እጄን አልዘረጋም። እሱ የሚፈልገው ሌላ ምንም ነገር አልነበረኝም።"

"የሰጠኸው ያንተ አልነበረም" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ለአንተ የሰጠሁህ ሃያ ትል ነው። ቴት ከግንቦት ጀምሮ ይወረውራል። ከየት አመጣኸው?"

ኦዴል ወደ ሸንበቆው ዞረ። "ከጋራዥሽ። ሬይ ታሞ በነበረ ጊዜ የሰጠሽኝ ቁልፍ አለ። አውቶቡስ ላይ ስትሆኚ እገባ ነበር።"

ይህንን አልጠረጠረችም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ያልነገራት በሽታ ያሳዝናል፤ ባዶ ቤቷ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያዋን እየጎረጎረ መውጣቱ ግን ሌላ ቦታ አመማት። ዘንጓን አንስታ ወረወረች። እሱም ትንሽ ቆይቶ ወረወረ። የሚዛን ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት አምስተኛውን ዓሣ የያዘው እሱ ነው፤ መረቡን የዘረጋችለት እሷ ናት።

የውድድሩ ሚዛን ጋ ቴት አሥራ አራት ፓውንድ አስመዝግቦ አንደኛ ወጣ። እነሱ በአንድ ፓውንድ ተበልጠው ሁለተኛ ሆኑ። ዓሣዎቹ በሕይወት እንዳሉ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ቴት ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቨርና መጣ።

"እትዬ ቨርና፣ ጋሽ ኦዴል አሁን ነገረኝ። እኔ ምንም አልፈልግም ብዬው ነበር። ካልተቀበልክ አታስርልኝም አለኝ።"

"ከተቀበልክ በኋላስ መወርወሩ ግድ ነበር?"

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። "አልነበረም" አለ። "አንዴ ወረወርኩት፤ ከዚያ መተው አቃተኝ።"

ቢክድ ኖሮ ይቀላት ነበር። "ሂድ፣ ጀልባህን አውጣ" አለችው።

የክለቡ ሊቀ መንበር ታኬት ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለጥቅምቱ የሁለት ሁለት ሰው ሻምፒዮና ስም ይመዘግባል። መዝገቡ የሚዘጋው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ኦዴል ከፒክአፑ በር ጋ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ቴትን አስመዝግቢ" አላት። "ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሏል። እጁ ጥሩ ነው፤ ውኃውንም ያውቃል።"

"ስለ እኔ ከእሱ ጋር መነጋገር ልማድ አደረግከው።"

ኦዴል አንገቱን ደፋ። ከኪሱ የቁልፍ ማያያዣውን አወጣና የጋራዡን ቁልፍ ከቀለበቱ ለማላቀቅ ሞከረ። ጥፍሩ ከቀለበቱ ላይ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ፤ ቁልፎቹ እጁ ላይ ተንኳኩ።

"ቨርና!" አለ ታኬት ከጠረጴዛው። "ልዘጋ ነው። ከማን ጋር ልጻፍሽ?"

ማያያዣውን ከኦዴል እጅ ወሰደች። ቀለበቱን በጥፍሯ ከፍታ የጋራዧን ቁልፍ አውጥታ ኪሷ ከተተች፤ የተቀሩትን መለሰችለት።

"ከኦዴል ፕሬዊት ጋር" አለች ወደ ጠረጴዛው ዞራ፣ ታኬት እስኪጽፈው ጠበቀች። ከዚያ ወደ ኦዴል ተመለሰች።

"ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሳጥንህን ይዘህ ና፤ እኔ አስርልሃለሁ" አለችው። "ስትመጣ አንኳኳ።"