ጀርሙንም ደሙንም

አልዲሃይድና አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች በአልኮል ውስጥ አብረው ሲፈሉ ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ኬሚስቶች ሺፍ ቤዝ ይሉታል። የመዳብ ጨው ሲጨመርበት ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ኬሚስቷ ይህን ውህድ ለማጥራት ስትደክም ከርማለች። በመጨረሻ ተሳካላት፤ ለመድኃኒት ሁሉ አልበገር ያለ ጀርም፣ አረንጓዴው ዱቄት ባረፈበት ዙሪያ ድራሹ ጠፋ።

ያው ጀርም የእናቷን እግር እየበላ ነበር።

ደስታዋን ለታናሽ ወንድሟ መንገሯ ጣጣ አመጣ። በማግስቱ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ሐኪሞቹ ነገ እግሯን እንቆርጣለን ብለዋል። መድኃኒቱ አንቺ ዘንድ ተቀምጦ!»

«መድኃኒት አይደለም። ጀርም ገደለ ማለት ሰው አይጎዳም ማለት አይደለም። የደም ሙከራው ውጤት ይድረስ።»

«እናት እየሞተች ምን ሙከራ ይጠበቃል?»

«በረኪናም እኮ ጀርም ይገድላል። ቁስሏ ላይ ታፈስበታለህ?»

ወንድሟ ዱቄቱ ያለበትን ብልቃጥ ትኩር ብሎ አየ። እሷም ውጤቱን ልታይ ወደ ጎን ክፍል ገባች። ደም የሚያዘቅጠው ማሽን ሲቆም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ ውስጥ ደሙ ከሥር ረግቶ ከላይ እንደ ውሃ ጠርቷል። ዱቄቱ የገባባቸው ግን ከላይ እስከ ታች ቀልተዋል። የደሙ ሕዋሳት ፈንድተዋል ማለት ነው።

ስትመለስ ወንድሟ የለም። ብልቃጡም የለም።

ደወለችለት፤ አያነሳም። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሮጣ ታክሲ ያዘች።

«ዶክተር፣ ሰው ሊሞት ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«እንዳይሞት ንዳው!»

ሆስፒታል ስትደርስ ወንድሟ የእናታቸውን ፋሻ ፈትቶ፣ በኩባያ የበጠበጠውን አረንጓዴ ውሃ በጥጥ እያነሳ ነበር።

«ጣለው!» የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ።

«አልጥልም! አንቺ ከፈራሽ እኔ አለሁላት!»

«ደሟን ያፈነዳዋል! አሁን በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ጥጡ ቁስሉ አናት ላይ ቆመ። አንድ ጠብታ አንሶላው ላይ ወደቀ። እናታቸው ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«አስቀምጠው፣ የኔ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ከምቀበር እግሬ ይቀበር።»

ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ።

በማግስቱ እግሯ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ፤ ትኩሳቱም ወረደ። ኬሚስቷ መዳቡን በዚንክ ተክታ እንደገና ጀመረች፤ አዲሱ ውህድ ደሙን ማረው፣ ግን ጀርሙንም እምብዛም አልነካው። ወንድሟ አኮረፋት። እናታቸው ከሆስፒታል ወጥታ እንኳ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

አንድ ቀን እናታቸው ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«ሁለታችሁም ከተዘጋጋችሁ እኔ ከማን ጋር ላውራ? ከቀረው እግሬ ጋር?»

ወንድሟ ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እህቱ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።