ከችካሉ ወዲህ

«ባልሽ ትናንት በቀትር እኔ ቤት ነበር» አለች ታየች።

ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። ዕለቱ የዓባይነህ ሣልስት ነው። ሰኞ ጠዋት አርፎ ሰኞውኑ ከሰዓት በኋላ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል፤ ሚስቱን መሰለችን ከመቃብሩ አፋፍ ያነሷት ጎትተው ነው። የሰፈሩ ሴት ታየች ደግሞ ሳታለቅስ ገብታ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሳትል፣ ጉልበቷን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቆየችና የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ።

«ምን አልሽ?» አለች መሰለች።

«ጓሮዬ ጌሾ ስለቅም ቀና ብል፣ መንገድ ቀያሾቹ የተከሉት ችካል አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አየሁት። ያንኑ ቡኒ ኮቱን ለብሷል። በጥፍሩ የችካሉን ሥር ይጭራል። ይጭራል፣ ይጭራል፣ አፈሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ‹አቶ ዓባይነህ!› ብዬ ስጠራው ቀና ብሎ አየኝና አፉን ከፈተ።» ታየች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ድምፅ የለውም።»

«በይ ተነሽ!» አለች ቦሰና። ቦሰና የመሰለች የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ከቀብሩ ጀምሮ ልቅሶውን ይዛ የምታስተናግደው እሷ ነበረች። «የሰው ሐዘን ላይ መጥተሽ ነው የምትቃዢው? የቀትር ፀሐይ አናትሽን ብሎሽ ነው።»

ታየች አልተቆጣችም። «ያየሁትን ነው የነገርኳት» ብላ ወጣች።

መሰለች ሰው እስኪሳሳ ጠበቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ቡኒው ኮት እሷ በሰቀለችበት ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እጅጌው ጫፍ ላይ ቀይ አፈር ነበረበት። ነካችው፤ እርጥብ መሰላት። ባሏ ሥራው ከአፈር ጋር ነበርና የድሮ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። በጋ ከገባ ግን ዝናብ አልጣለም።

ዓባይነህ ክፉ ሰው አልነበረም። ከወረራው በፊት ድሬዳዋ ላይ የአንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ መጋዘን ሲጠብቅ ቋንቋውን ለቅሞ ነበር። ጠላት አዲስ አበባ ገብቶ ሰው ሁሉ የሚበላው ሲያጣ፣ ያ ቋንቋ እንጀራ ሆነው። ከልደታ ወደ ጅማ የሚወጣ ሰፊ መንገድ ሊወጣ ነው ተብሎ መሬት መያዝ ሲጀመር፣ የቀያሹ ጣሊያን አስተርጓሚ ሆነ። ከፊት እየሄደ የባለቦታውን በር ያንኳኳል፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል፤ ጣሊያኑ የሚለውን ይነግራል፤ ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ የፈራሚውን ጣት ቀለም ያስነክራል። ጠመንጃ ያነገቱት ወታደሮች ከኋላ ናቸው።

በሌላ ሰፈር እምቢ ያለ ተገርፏል፣ ቤቱም ላዩ ላይ ተቃጥሏል። በልደታ ግን አንድ ሰው እንኳ ጅራፍ ሳያርፍበት ችካሉ ከዳር እዳር ተተከለ። «የባልሽ አንደበት ቅቤ ነው» ይሏት ነበር። ትኮራበት ነበር። እንዴት እንደሚያደርገው ጠይቃው አታውቅም።

በማግስቱ ከአብነት ሰፈር አናጢው ወርቅአፈራሁ መጣ። ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ሴቶቹ ራቅ እስኪሉ ጠብቆ፣ ወለል ወለሉን እያየ፣ «እኔም አይቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ብዬ ነው» አላት።

«የት?»

«ከግቢዬ። በቀትር። እንደዚያው ሲጭር።»

ከዚያ ወዲያ ሰው በቀትር በችካሎቹ አጠገብ ማለፍ ተወ። ውኃ ቀጂዎች በላይ በኩል ይዞሩ ጀመር። ለቀስተኛውም ከቀን ቀን ሳሳ፤ የሚመጣውም ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ተጣድፎ ይነሳል። ቦሰና ብቻ ቀረች፤ እሷም በሩን በዓይኗ ትጠብቃለች።

መሰለች ሌላ ነገር ያስጨንቃት ነበር። በታመመባቸው ሦስት ቀናት ትኩሳቱ ሲያነደው የሰው ስም ይጠራ ነበር፤ ታየች፣ ወርቅአፈራሁ፣ ኩማ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ «ይመለሳል ብያለሁ… ይመለሳል ብያለሁ» ይላል። እሷም ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ «አዎ የኔ ጌታ፣ ጤናህ ይመለሳል» ትለው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌው ኩማ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ከመንገዱ መስመር ላይ ሰፊው ቦታ የእሳቸው ነበር፤ አባታቸውም የተወለዱበት። መሰለች ተነስታ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎም አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ ልጄ።»

«ምን በድሎ ነው? ለምን አያርፍም?»

ኩማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጣሊያኑ የመጣ ቀን ብዙ ተናገረ። እጁን እንዲህ አድርጎ አየሩን ቆረጠው። ባልሽ ምን ብሎ ተረጎመልን መሰለሽ? ‹መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነው፤ ሲያልቅ ቦታችሁ ይመለሳል።› ሰዉ እፎይ ብሎ ጣቱን ነከረ።»

መሰለች አንገቷን ደፋች። ያ የትኩሳት ቃል አሁን ገና ገባት።

«ታዲያ እርስዎ አመኑት?»

«ኧረ ምኑን! እንዲያ የሚቆርጥ እጅ ‹ይመለሳል› አይልም። ግን የባልሽን ዓይን አየሁት። ከጣሊያኑ ጋር ቆሞ ፍርሃቱ ከእኛ ጋር ነበር። እምቢ ብል ልጆቼን ዓይኔ እያየ ሊገርፏቸው ነው። አውቄ ነከርኩ። ሌሎቹ ግን አምነውታል፤ ሌላ ማረፊያም አልፈለጉም። ክረምት ሲመጣ ሜዳ ላይ ናቸው።»

«አሁን ምን ይፈልጋል?»

«እውነቱን ሊነግር መሰለኝ። አንደበት ግን አልተሰጠውም። ደጄ መጥቶ ሲቆም ‹አውቃለሁ ልጄ፣ ሂድ ዕረፍ› ብለው ምን ነበረበት? ፈራሁና በሩን ዘጋሁበት።» ሽማግሌው አማተቡ። «ነፍሱን ይማር» አሉ። ከባለቦታዎቹ ይህን ቃል ያወጡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

«ለእኔስ ለምን አልመጣም?» አለች መሰለች። «ሚስቱ አይደለሁም?»

ኩማ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሲወጡም ግቢዋን ከአጥር እስከ አጥር ሲመለከቱ አየቻቸው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቀያሹ ጣሊያን ከአዲስ አስተርጓሚ ጋር መጣ። አስተርጓሚው ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ፣ «እግዜር ያጥናዎት» አለና ቤቱ በአሥራ አምስት ቀን እንዲለቀቅ ነገራት።

«ተሳስታችኋል» አለች መሰለች። «እኛ ከመስመሩ ውጭ ነን። ባሌ ነግሮኛል።»

ሰውየው ጣሊያኑን አየና ካርታውን ዘረጋላት። ቤቷ በቀይ ተከቧል። በሥሩ የምታውቀው የዓባይነህ ፊርማ አለ፤ ቀኑ መጋቢት ይላል። አሁን ጥቅምት ነው።

«መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው» አለ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልነገሩዎትም?»

ሰባት ወር። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ እየገባ አጠገቧ ራቱን በልቷል። በሐምሌ ጣሪያውን አስጠግኗል። የኮክ ችግኝ ተክሎ፣ «በሦስት ዓመቱ ትበይለታለሽ» ብሏታል። እሷም አምናዋለች፤ እንደ ታየች፣ እንደ ወርቅአፈራሁ።

ችካሉን ግቢዋ መሐል፣ ከችግኙ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ተክለው ሄዱ። ቦሰና ራሷን ይዛ ስትጮህ መሰለች አላለቀሰችም። «እትዬ ቦሰና፣ ዛሬ ብቻዬን ተዪኝ» አለቻት።

«በቀትር? ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። የግቢው ዛፍ ጥላ ከግንዱ ሥር ተሰበሰበ። ዶሮዎቹ ሳይበረግጉ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ሸሹ። የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ክዳን እንደተከደነበት ጠፋ። ከዚያ ከግቢው መሐል ያ ድምፅ መጣ፤ ጥፍር ደረቅ አፈር ሲጭር።

መሰለች ከቤቱ በር ውስጥ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠች ቀስ ብላ ቀና አለች። ጀርባውን አወቀችው። ልትጮህበት የሰባት ወር ቃል ተከምሮባት ነበር። ዞር አለ፤ ፊቱ የታመመ ዕለት እንደነበረው ከስቷል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

በሩን መዝጋት ትችል ነበር። አልዘጋችም። እግሯን ሰብስባ፣ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ ብላ፣ በግድግዳው በኩል ቦታ ለቀቀችለት።