የደሞዝ ምሰሶ

«ኧረ የገድሉ ጀልባ የት ገባች?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል፣ ከፍራሹ ቀና ብለው። «እማሆይ በጧት ነው የተነሡት።»

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ጎረቤቶች እጃቸውን ገቱ። የሟቹ የደሞዝ እህት፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ለሰልስቱ ከደሴት ገዳማቸው በጀልበኛው በገድሉ ጀልባ እየመጡ ነው። ከቀትር ወዲህ ጣናን ነፋስ አንሥቶታል፤ የዓባይ ማዶ ባጃጆች አቧራው ውስጥ መብራት አብርተው ያልፋሉ።

«ከወደብ ደውለው ነበር፤» አለች ልጃቸው ዜማ። «እኛም አናያቸውም አሉ። የአባዬ ጣቢያ ከጠፋ ወዲህ ሐይቁ ላይ ያለ ሰው አይታያቸውም።»

ወንድሟ ሕዝቅኤል ዓይኗን ሸሸ። ከራሳቸው በላይ ሸራውን ደግፎ የቆመው የአባቱ የአንቴና ምሰሶ ነው።

ደሞዝ የስልክ ቴክኒሽያን ነበር፤ ልቡ ግን አማተር ሬዲዮ ላይ ነው። ለጀልበኞቹ መዳፍ የምታህል ሬዲዮ አሰረላቸው፤ ያሉበትን ቦታ በየጊዜው ራሷ በሞገድ ትልካለች። ሞገዷ ደካማ ስለሆነ የደሞዝ አንቴና ተቀብሎ ለወደቡም ለየደሴቱም ያቀብላል። እሱ «ቅብብሎሽ ጣቢያ» ይለዋል፤ ሰፈሩ ግን ባለቤቱን «ደሞዝ ሽቦ» ነው የሚለው። ሕዝቅኤልም «የሽቦ ልጅ» እየተባለ አደገ። የእጮኛው ቤተሰቦች ሊመጡ ያሉ ዕለት፣

«አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ አውርደው፤ ሰው ይስቅብኛል» ብሎ ለመነ።

«አይሆንም ልጄ፤ ሐይቁ ላይ ሰው አለ።»

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከሰላምታ አላለፉም። አባቱ ሞቶ እድርተኞቹ ድንኳን ሲተክሉ የመሀል ምሰሶ ጎደላቸው። «ይሄን ውሰዱት፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይርባ» ብሎ ከውሃው ታንከር ማማ ጋር የታሰረበትን ሽቦ በፒንሳ የቆረጠው ሕዝቅኤል ነው። አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ቀለል ብሎት ነበር።

«ማነው ያወረደው?» አሉ እናቱ። «የሱን ነገር ማን ደፍሮ ነካ?» ዓይናቸው የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደ ጻድቅ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ሕዝቅኤልን አዩት። ትንሽ ጠበቁት። እሱ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ፤» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ። «ምሰሶ ቢጎድለኝ አወረድሁት። ይቅር በይኝ፣ የብርጓል።»

ሕዝቅኤል ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ተነሣና ምሰሶውን አቅፎ ከሥሩ ይነቀንቅ ጀመር።

«አንተ! ሐዘን ላይ ድንኳን ይፈርሳል? ሰው ምን ይላል?» ብለው ጮኹ ጎረቤቶቹ።

«ይበል! ውጡ፣ ሸራው ይወድቃል። እማዬ፣ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም።»

እናቱ ፊታቸውን አዙረውበት ወጡ። ያ ባሰበት። ሸራው ተንዶ ሲወርድ አንዱ ጎረቤት ከሥሩ እየዳኸ፣ «ደሞዝ ሽቦ ሞቶም አላስቀመጠን!» አለ። ጥቂቶች ሳቁና አፋቸውን ያዙ።

ዜማ አንቴናውን ከአልጋ ሥር አውጥታ የምሰሶው ጫፍ ላይ አሰረች፤ ገመዱንም ቤት ውስጥ ካለው የአባቷ ሬዲዮ ጋር አገናኘች፤ የጀልባዎቹ ቦታ የሚታየው በሱ ስክሪን ላይ ነው። ሕዝቅኤል ምሰሶውን ይዞ የውሃው ታንከር ማማ ላይ ወጣ። የቆረጠው ሽቦ አጠረ፤ የድንኳኑ ገመድ ሸራው ሥር ቀርቷል። በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ።

በዚህ መሀል የባንክ ባልደረቦቹ ጥቁር ለብሰው በበሩ ገቡ። የፈረሰውን ድንኳን አዩ፤ ቀጥሎ እሱን አዩት።

«እ... እግዜር ያጥናህ፣ ሕዝቅኤል።»

እጅ አልዘረጋም፤ አንገቱን ብቻ ሰበረ።

«ታየች!» ብላ ጮኸች ዜማ ከመስኮቱ። «የዘጌን ጥግ ይዛ እየመጣች ነው!»

እናቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ክንዱ እስኪዝል ቆመ። በመጨረሻ ዜማ ብቅ አለች። «ወደብ ገብተዋል፤ እማሆይም ወርደዋል። በቃ፣ ውረድ።»

«ሌላ ሰውስ አለ?»

ተመልሳ አየች። «ሁለት ጀልባ አለ።»

ምሰሶውን በትከሻው ደገፈ። ዘቅዝቆ የለበሰውን የሐዘን ነጠላ ሳበና ጠመዘዘው፤ ምሰሶውን ከማማው ጋር ጠፍንጎ አሰረበት። ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፤ ጸንቷል።

እጆቹ ባዷቸውን ቀሩ። ያኔ በሁለቱም ፊቱን ሸፈነ።