ሐጂ በጥምጣማቸው የቋጠሩት ትል

ኢዘዲን ሲያወራ በግ እንኳ ሣሩን ትቶ ያዳምጠዋል ይላሉ መርሳ ውስጥ። ይህንንም ያስወራው ራሱ ነው። ሐራ ላይ ባቡር በጭራው ይዤ አቁሜያለሁ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ዙልፋን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቷ ሐጂ አብዱልሐሊም ሣቁ እንጂ አልተቆጡም።

"ልጄን ለዋሾ? ወላሂ አላደርገውም! መጀመሪያ አንድ እውነት ያሳየኝና እንነጋገራለን።"

ኢዘዲን አንድ እውነት ነበረችው። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የምትሠራው ባለሙያ ናርዶስ የሐር ትል እንቁላል ሰጥታው፣ ከጓሮው የጉሎ ቅጠል እየቀነጠሰ አርብቷል። ትሎቹ ጠግበው፣ ሐር ፈትለው፣ በፈተሉት ጎጆ ውስጥ ተኝተዋል። አንዱን ጎጆ ይዞ ሐጂ ዘንድ ሄደ።

"ሐጂ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ትል ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።"

"ማን ሰፍቶለት?"

"ማንም። የክንፉ ዘር ከትልነቱ ጀምሮ ቆዳው ሥር ተደብቆ ይጠብቃል። ጊዜው ሲደርስ ሆርሞን የሚሉት መልእክት በደሙ ይለቀቃል። መንዙማ ላይ ድቤ ሲመታ አይተው የለ? ድቤው አንድ ነው፤ ግን አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ብድግ ይላል፣ አንዱ ያለቅሳል። የትሉም ገላ እንደዚያው ነው። መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ በየአካሉ የሚነቁት ዘረመሎች ግን ይለያያሉ። ክንፍ የሚሆነው ያድጋል፣ ሐር ያወጣው ዕጢ ይፈርሳል።"

"የባቡሩ ይሻል ነበር!" አሉ ሐጂ።

ቢሆንም ጎጆውን ተቀብለው እንቅብ ውስጥ ከተቱት። እንዳይቀየርባቸው አፉን በገዛ ጥምጣማቸው ቋጥረው ቤታቸው ሰቀሉት። መርሳ ውስጥ የሐጂን ጥምጣም የሚፈታ እጅ የለም።

አንድ ጠዋት ዙልፋ "እንቅቡ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ" ብላ ላከችበት። ኢዘዲን ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ከተፍ አለ። ሐጂ ቋጠሮውን ፈቱ። እንቅቡ ግድግዳ ላይ አንድ እርጥብ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ክንፉ ጥፍር አያክልም።

"ክንፍ ያልከው ይኼን ነው? የተጨመቀ ጨርቅ!" ብለው ሊዘረጉለት እጃቸውን ሰደዱ።

"አይንኩት!"

ኢዘዲን በሐጂ ላይ መጮኹ ገብቶት ጎንበስ አለ።

"አውፍ ይበሉኝ ሐጂ። ከነኩት ይሰበራል። ከገላው ፈሳሽ እየገፋ ራሱ ይዘረጋዋል።"

ተቀምጠው ጠበቁ።

"ምን ይበላል?" አሉ ሐጂ።

የነብር ወተት የሚል መልስ ኢዘዲን ምላስ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠው። "ምንም። አፉ ለመብላት አይሆንም። በትልነቱ የበላውን ይዞ ነው የሚኖረው።"

ክንፉ ቀስ በቀስ እንደ ታጠፈ ጋቢ ተዘረጋ። ቡናማ ነው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ነጭ የጨረቃ ምልክት አለ።

"ማሻአላህ!" አለ ቤቱ በሙሉ። ሐጂ ግን ገና አልጨረሱም።

"ያ ድቤህ የሚመታበትን ቀን ትሉ በምን ያውቃል?"

የሽማግሌው ሁሉ ዓይን ኢዘዲን ላይ ዐረፈ። ውሸቶች ጉሮሮው ላይ ተሰለፉ፤ አንዱ ከአንዱ ያምራል።

"እሱን አላውቅም ሐጂ። ናርዶስን እጠይቃለሁ።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ዋሾ አላውቅም አይልም። በሉ እንነጋገር።"

በገበያው ቀን ሐጂ እህል ተራ መካከል ቆመው ያወራሉ። "ክንፉ ጃንጥላ ያክላል! ያረባው አማቼ ነው፣ የኔ!"

ኢዘዲን ደረቱን ነፍቶ ጎናቸው ቆሟል። "ኧረ ሐጂ፣ መዳፍ ቢያክል ነው።"

"ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ!"