የደሃቦ ጅራት

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ሰውዳ ግን ገንፎው ሳይቀርብላት ስንጥሩን የምትፈልግ ሴት ናት። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ግመል ያላት እሷ ብቻ ናት። አምና ባሏ አራት እንስት ግመሎችን ከድሬዳዋ ወዲያ በአይሱዙ ጭኖ አመጣና፣ "ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ወተቱን ይፈልገዋል" አለ። አልተሳሳተም። እሱ ከሞተ በኋላም መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ ጠርሙሱን ይዞ ማለዳ በሯ ላይ ይሰለፋል።

ችግሩ፣ ግመል ካልወለደች አትታለብም። የሦስቱ ግልገሎች አድገዋል፤ ወተታቸው እየነጠፈ ነው። አውራ ግመል ደግሞ በዚህ አገር ከየት ይመጣል? የቀረቻት ተስፋ ደሃቦ ናት፤ ከአውራ ተጠቅታ ነው መኪና ላይ የወጣችው። እሷ ካልወለደች የሰውዳ በር ይዘጋል።

ያረገዘች ግመል ሰው ሲጠጋት ጅራቷን ሽቅብ ትቀስራለች። ሰውዳ በየማለዳው ደሃቦን ጠጋ ትላታለች። ጅራቱ ቀጥ ሲል "አልሐምዱሊላህ!" ትልና ወደ ማለቧ ትሄዳለች።

ዶክተር ዘርአብሩክ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ግመል በዚህ ወበቅ ውስጥ ጤናዋ፣ እርግዝናዋና ወተቷ እንዴት እንደሚሆን ማጥናት ፈልጓል። ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ገባ። ይሄ ራሱ አስጠረጠራት፤ "ምን ሊወስድ ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው?" አለች በሆዷ። ደሃቦ የዚያን ጊዜ ግጦሽ ላይ ነበረች።

"ስንት ናቸው፣ እትዬ ሰውዳ?"

"ሦስት።"

"ሁሉም ደም ይሰጣሉ፤ መከላከያም እወጋቸዋለሁ" አለና አንዷን አይቶ፣ "እንዴት ያለ ጡት ነው ያላት!" አለ። ማሻአላህ የለ፣ ምን የለ። ሰውዳ በሦስቱም ዙሪያ ምራቋን እንትፍ እንትፍ ስትል ዋለች።

ጎረቤቷ ባለሱቁ አብዱልባሲጥ ደግሞ ነገሩን አባሰው። "በሽታ አገኘሁ ካለ ወተትሽን ያግዱብሻል። መርፌውስ ቢሆን ለእርጉዝ ይሆናል ወይ?" አላት። ያውቅ ይመስል! ሰውዳ ግን ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ደሃቦን ነድታ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጥላው ድቅድቅ ካለበት ቁጥቋጦ ውስጥ አሰረቻት። ጥናቱ አልቆ ያ ልጅ ወደመጣበት እስኪሄድ እዚያው ትቆይ።

ከዚያው አጠገብ ኛኮንግ የምትባል ዓሣ ሻጭ ትኖራለች፤ የአገሩ ልጅ ናት። ግመሏን ስታይ ደነገጠች።

"ሰውዳ እህቴ፣ እዚህ ከብት አናስርም። ዝንቡ መጥፎ ነው። በሽታ አለው፣ ይገድላል። ውሰጃት።"

"ዝንብ የት የለ?" አለች ሰውዳ። ባደገችበት ደረቅ አገር ዝንብ ማለት የሚያስቸግር እንጂ የሚገድል ነገር አይደለም። ደግሞም ትናንት ዶክተሩ ከኛኮንግ ዓሣ ሲገዛ፣ ቆመው ሲያወሩ በዓይኗ አይታለች። "አሃ! እሱ ነው የላከሽ?"

ኛኮንግ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

ቀናት አለፉ። ዶክተሩ እየተመላለሰ ወተት ይለካል፣ ሙቀት ይለካል፤ ሰውዳ ፊቷን አኮሳትራ ሻይ ትሰጠዋለች። ደሃቦ ግን መብላት ቀነሰች፣ ሻኛዋም ሟሸሸ። "ኛኮንግ ነግራዋለች፣ ዓይኑ እዚህ ድረስ መጣ!" አለች ሰውዳ። የኛኮንግ ዓይን ከማይደርስበት፣ ዝንቡ እንደ ንብ ከሚጮህበት የባሰ ጥልቅ ሥፍራ አስገብታ አሰረቻት። ወይ የሰው ነገር!

አንድ ማለዳ እንደ ልማዷ ጠጋ አለቻት። ጅራቱ አልተነሣም። "ደሃቦ" አለች፤ ዞራ እንደገና ተጠጋች። ጅራቱ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ከኋላዋ ሣሩ ላይ የወደቀውን አየች፤ ጠጉሩ ወጥቷል፣ እግሩ ረጅም ነው፣ አይተነፍስም። ሰውዳ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ባሏ በሞተ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ጩኸቷን ሰምታ ኛኮንግ መጣች፤ ነጠላዋን አውልቃ ግልገሉን ሸፈነችው።

ዶክተሩን ሮጣ የጠራችውም ራሷ ሰውዳ ናት። ደሃቦን መረመራት፣ ወጋት።

"ገንዲ ነው፤ ዝንቡ ነው የሚያመጣው። እሷ ትድናለች" አለ። "ቤት ያሉት ሦስቱ ግን ደህና ናቸው፤ ተወግተዋል።"

ሰውዳ፣ "መርፌው… ለእርጉዝ ይሆን ነበር?" አለች።

"ይሆናል እንጂ! ይህ በሽታ ያስወርዳል፤ ያመጣሁትም በዋናነት ለእርጉዞቹ ብዬ ነው።" ቀና ብሎ አያት። "ግን እትዬ ሰውዳ፣ ሦስት ናቸው ብለውኝ አልነበር? ይህቺ የት ነበረች?"

ሰውዳ የኛኮንግን ነጠላ እያየች መለሰችለት።

"ከአንተ ደብቄ ለዝንብ ሰጠኋት።"